ቀጣሪን የሚያጠራጥረው ርቀቱ አይደለም

ከእናንተ መካከል ቀን ሥራ ውሎ፣ ቤተሰብ እየረዳ፣ ማታ ሞጁል የሚገልጥ አይጠፋም። ይህን የምጽፈው ለእርሱና ለእርሷ ነው።

እኔ አካውንቲንግ በርቀት የተማርሁት ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ሆኜ ነው። ለፈተና ቧሂትን ተሻግሬ፣ በሳንቃበር አድርጌ ደባርቅ እመጣ ነበር። ተመርቄ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሳመለክት ግን ከጠያቂዎቹ አንዱ ማስረጃዬን አየና «የርቀት ነው?» ብሎ ወደ ዳር አደረገው። ስለ ሒሳብ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ከዓመታት በኋላ በሌላ መሥሪያ ቤት የቅጥር ኮሚቴ አባል ሆንሁ። ሁለት የርቀት ምሩቃን ቀረቡ። የአንደኛው ውጤት ከፍ ያለ ነበር፤ የባንክ ሒሳብ አስታርቅ ስንለው ግን ከየት እንደሚጀምር አላወቀም። ሁለተኛዋ ዝም ብላ ሠርታ አስረከበችን። የቀጠርነው እርሷን ነው። የዚያ ጠያቂ ፍርሃት ከየት እንደ መጣ የገባኝ ያን ቀን ነው። ቀጣሪ የሚጠራጠረው «አሳይመንቱን የሠራው ማን ነው?» ብሎ ነው።

ጥርጣሬው የቆየ ነው። ነሐሴ 2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የጥራት ችግርን ምክንያት አድርጎ የርቀት ትምህርትን አግዶ ነበር፤ እገዳው የተነሣው ከውይይት በኋላ ነው። ዛሬ ግን አንድ ሚዛን አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ መደበኛም ሆነ የርቀት፣ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ይህን ፈተና በራሱ እውቀት ያለፈ ሰው ለቀጣሪው የሚያሳየው ነገር አለው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ተቋሙ ለምትማሩት የትምህርት መስክ፣ በርቀት ለማስተማር፣ እውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። የሠራችኋቸውን መልመጃዎች አትጣሉ። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ «የርቀት ነው?» ቢሏችሁ አትሸማቀቁ፤ «አዎን፣ የርቀት ነው፤ የፈለጋችሁትን ሥራ ስጡኝና እዩኝ» በሉ።

አሳይመንት በገንዘብ የሚያሠራላችሁ ሰው ቢመጣም ይህን አስቡ፤ እናንተ ከፍላችሁ ያገኛችሁት ውጤት ነገ የሚያስጠረጥረው እናንተን ብቻ አይደለም። በኩራዝ አጥንታ፣ ተራራ አቋርጣ የተፈተነችውንም እህት ከደጅ ያስመልሳታል።