ዐባይ ዳር ከሰልፉ ጋር

ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት፥ ሌላው ተማሪ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በሚያንኰራፋበት ጊዜ፥ እኛ ሦስት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች መንጠቋችንን ይዘን ከግቢ ስንወጣ ዘበኛው «ዛሬም ከውሻ ጋር?» ይሉናል። አዎን፥ ከውሻ ጋር ነው። ስሙም ሰልፉ ይባላል። ስሙን ያወጣንለት እኛ አይደለንም፤ በምግብ አዳራሹ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ዘወትር ቁጭ ብሎ ተራውን ስለሚጠብቅ ግቢው በሙሉ ያወጣለት ነው። (ከመካከላችን ሰልፍ የሚጥሱትን ስናስብ፥ ስሙ ለውሻው ክብር እንጂ ስድብ አይሆንበትም።) ውሻ አስከትሎ የሚሄድ ተማሪ በከተማው ውስጥ «ፈረንጅ ሆነ» ተብሎ ይሣቅበታል። ይሣቅብን።

በባሕር ዳር ተምሮ ስለ ዐባይ ያልጻፈ ተማሪ ያለ አይመስለንም። እኛም በአንደኛ ዓመት ድርሰታችን ብዙ ወረቀት ፈጅተንበታል፤ ይሁን እንጂ እስከ ሁለተኛ ዓመት ድረስ እግራችንን ውሃው ውስጥ ነክረን አናውቅም ነበር። አሁን መንገዳችን በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ካለው ድልድይ ሥር ተነሥቶ በወንዙ ዳር ቁልቁል ይወርዳል። ደንገሉ ውስጥ አርጃኖ ይሾልካል። ጥቁርና ነጭ የተዥጐረጐረችው ዓሣ አጥማጅ ወፍ በአየር ላይ እንደ ተሰቀለች ሁሉ ክንፏን እያርገበገበች ትቆይና እንደ ድንጋይ ቁልቁል ትወረወራለች። ብዙ ጊዜ ባዶዋን ነው የምትነሣው። ይህን ካየን ወዲህ ባዶ እጃችንን ወደ ግቢ መመለስ አያሳፍረንም።

ከሁሉ የሚፈራው ግን ጉማሬ ነው። ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ጧት ሲመለስ፥ በእርሱና በውሃው መካከል የተገኘ ሰው ወዮለት። አንድ ቀን ሰልፉ በድንገት ቆመና ጠጕሩን አቁሞ አልሄድም አለን። ልንጐትተው ስንል ከፊታችን ያለው ደንገል ተሰነጠቀ፤ ያን ግዙፍ ጀርባ አየነው። የዚያን ዕለት ቁርሳችንን ለሰልፉ ለቀቅንለት።

የጉማሬውን ሕግ ያስተማሩን በደንገል ታንኳ የሚያስግሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቀረሶን ከአምባዛ፥ አምባዛን ከነጭ ዓሣ መለየትም ከእሳቸው ነው የተማርነው። በገበያ ነጭ ዓሣ በሚል አንድ ስም የሚጠራው፥ በሊቃውንቱ ቆጠራ በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ያህል ዐይነቶች ያሉበት ዘመድ ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለው የጢስ ዐባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ መንገድ ስለ ዘጋበት፥ የጣናው ለብቻው ሲራባና ሲለዋወጥ ኖረ። የወንዙም ውሃ እንደ ዝናቡ ብቻ አይሞላም አይጐድልም፤ በ1988 ዓ.ም. በሐይቁ መውጫ የተሠራው የጨራጨራ ግድብ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የእኛም መቆሚያ ድንጋይ አንዴ ይሰጥማል፥ አንዴ ይወጣል።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ጧት ሰልፉ ዳክዬ አይቶ ደንገሉ ውስጥ ዘለለ። እንደ ልማዱ ይመለሳል ብለን ስንጠብቅ የሰማነው ጩኸት ነው። እግሮቹ መረብ ውስጥ ገብተው ነበረ፤ በታገለ ቊጥር መረቡ ይበልጥ እየጠመጠመው አፍንጫው ብቻ ከውሃው በላይ ቀረ። ጉማሬውንም ቢልሃርዚያውንም ረስተን ሦስታችንም ገባን። በዓሣ መብያ ቢላችን መረቡን እየቀደድን ሰልፉን ወደ ዳር አወጣነው፤ የመረቡም ቁራጭ አብሮ ወጣ።

በቁራጩ ውስጥ ነፍሷ ያልወጣ አንዲት ቀረሶ ነበረች። ልናላቅቃት ስንይዛት አፏን ከፈተችና፥ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ጫጩቶች በመዳፋችን ላይ ፈሰሱ። የቀረሶ እናት ዕንቍላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ይዛ እንደምታሳድግ ጋሼ ነግረውን ነበረ፤ እኛ ግን የሽማግሌ ተረት አድርገን ነበር የሰማነው። በዚያ ጊዜዋ ብዙም ስለማትበላ መንጠቆ እምብዛም አይዛትም፤ መረብ ግን አይመርጥም። ጫጩቶቹንም እርሷንም ውሃው ውስጥ ለቀቅናቸው። መልሳ ትሰብስባቸው አትሰብስባቸው ለማየት ውሃው ደፍርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክርክር ተነሣ። ያየን ሰው የለም። አንዳችን «የመረቡ ዐይን ይህን ያህል የጠበበ ነው፤ ግልገሉን ሁሉ ይጨርሳል፥ እንኳን ተቀደደ» አለ። ሁለተኛው «የሰው እንጀራ ነው» አለ። ሦስተኛው ዝም ብሎ የሰልፉን እግር ያሽ ነበር። በልባችን ሦስታችንም የመረቡ ባለቤት ማን እንደ ሆነ እናውቅ ነበርና ወደ ግቢ ለመሄድ የተነሣ አልነበረም። በብርድ እየተንቀጠቀጥን አንድ ሰዓት ያህል ቈየን።

ጋሼ በታንኳቸው መጡ። ቁራጩን አዩት፤ ከዚያ ውሻውን አዩት።

«ተረፈ?» አሉ።

«ተረፈ፥ ጋሼ። የቀደድነው እኛ ነን።»

«ተመስገን» አሉና መረቡን በጕልበታቸው ላይ ዘርግተው ቀዳዳውን እየቈጠሩ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «የልጄ ደብተርና ልብስ በዚህ ነበረ» አሉ። አልተቈጡንም፤ ቢቈጡን በወደድን። ኪሣራው 1,800 ብር ተገመተ፤ ተዋጥተን 500 ሰጠናቸውና የቀረውን ቅዳሜ ቅዳሜ መረብ በመጠገን እንድንከፍል ተስማማን፤ ለአንድ ቅዳሜ 100 ብር ታሰበልን።

ስለ ቀረሶዪቱም ነገርናቸው፤ የሚያፍሩ መስሎን ነበር።

«አውቃለሁ ልጆቼ» አሉን። «ዐይኑን ባሰፋው እኔን የምታመልጠኝ ከኔ በታች ካለው መረብ ትገባለች። እሱ ይበላል፥ እኔ እጾማለሁ። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ንገሩኝ፥ እኔ ብቻዬን ልተወው?»

ጓደኞቻችን ሆይ፥ በክፍል ውስጥ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ስንት ጊዜ እጃችንን አውጥተን ተናግረናል። ያን ጧት ግን ከሦስታችን አንድ ቃል የወጣው አልነበረም።

እነሆ ዘጠኝ ቅዳሜ ሆነን። ጋሼ ቋጠሮውን አስተምረውናል፤ ዐይኑን በሁለት ጣታቸው ይለኩታል። ሰልፉ አጠገባችን ይተኛል፥ ግን የመረብ ክር ሲነካው ተነሥቶ ይርቃል። ባለፈው ቅዳሜ የጠገንነውን ሲመረምሩ አንድ ክንድ ከሚሆን ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። ዐይኖቹ ሦስት ጣት ያስገቡ ነበር። «ይህን ማን ቋጠረው?» አሉ። ሦስታችንም አንገታችንን ደፋን። ጥቂት ይዘውት ቈዩና ሳይፈቱት አጣጥፈው ታንኳው ውስጥ ጣሉት። የሚቀርብን ዕዳ 400 ብር ነው።