መብራት ጠፋ ብዬ እጄን ከተትኩ

ዛሬ የማወጋችሁ የራሴን ጉድ ነው። ቦታው መቀሌ፣ ከቀዳማይ ወያነ ገበያ ብዙ ሳይርቅ ቴፕ፣ ቴሌቪዥንና አምፕሊፋየር የምንጠግንበት ጠባብ ቤት ነው።

ጥር 2016። ጥር ሲባል መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሰርግ በሰርግ! ሙዚቃ የሚያከራይ አንድ ደንበኛችን ቅዳሜ ማታ ከባዱን አምፕሊፋየር ተሸክሞ መጣና «ለነገ ካልደረሰልኝ አለቀልኝ» አለ። አለቃችን (ኣያ ነው የምንለው) ቤቱ ገብቷል። እኔ ደግሞ ከታጨሁ ገና ወር አልሞላኝም፤ ወርቅ ቀለበቴን አድርጌ፣ የሰርግ ወጪ እያሰብኩ፣ «ምን ችግር አለው!» ብዬ ተቀበልኩት።

ክዳኑን ስከፍተው ምን አየሁ መሰላችሁ? ዋናው ፊውዝ በሲጋራ ወርቃማ ወረቀት ተጠቅልሏል! ፊውዝ የሚቃጠለው ውስጥ የታመመ ነገር ስላለ ነው። ወረቀት ሲጠቀለልበት በሽታው አይድንም፤ ትራንዚስተሮቹ ይጋያሉ እንጂ። የውስጦቹ ሁለት ትንንሽ ፊውዞችም ከሰዋል። ስፒናውን ሰክቼ በቴስተር ለካሁ፤ በአንድ ወገን 80 ቮልት፣ በሌላው ከዜሮ በታች 80። ፓወሩ ደህና ነው አልኩ። ይሄኔ መብራት ድርግም!

እኔማ ደስ አለኝ። «ጥሩ፣ መብራቱ እስኪመጣ ትራንዚስተሮቹን ልፍታ» ብዬ የስልኬን ባትሪ አብርቼ እጄን ከተትኩ። ጧ! ሰማያዊ ብልጭታ ብቻ ትዝ ይለኛል። ቀለበቴ የሁለቱን ትልልቅ ኮንደንሰሮች ጫፍ አገናኝቶ ጣቴ ላይ ጋለ። እጄን መንጭቄ ገና ሳልጮህ መብራቱ መጣ። ስፒናውን ለካስ አልነቀልኩም! ሁለት ሰከንድ ብዘገይ ኖሮ ዛሬ የሚያወጋችሁ ሌላ ሰው ነበር።

መቀሌ በጦርነቱ ዘመን ጨለማ የለመደች ከተማ ናት። ኅዳር 2015 ከብሔራዊው መስመር ጋር ስትገናኝ «መብራት መጣ!» ብለን የጮህነው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ታዲያ መብራት ሲመጣ መደሰት እንጂ መፍራት ማን አስተምሮን!

እሁድ ጠዋት ኣያ ጣቴን አይቶ አልተቆጣም። «ኢድካ ኣብ ጁባኻ» አለ። እጅህን ኪስህ ክተት ማለቱ ነው። ስገረም አብራራልኝ። በአንድ እጅ ብቻ ስትሠራ፣ ሌላው ከብረት ከራቀ፣ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በደረትህ በኩል ማለፊያ ያጣል። የልብን ምት ለማዛባት ከመቶ ሚሊአምፔር በታችም ይበቃዋል። ደግሞ ኮንደንሰር ውኃ እንደያዘ ጋን ነው፤ ምንጩ ቢደርቅም ጋኑ ሙሉ ነው። የኔዎቹ እያንዳንዳቸው 10,000 ማይክሮፋራድ ነበሩ። ፊውዞቹ ከስለው ጭነት ስላልነበረባቸው፣ ቀስ ብሎ የሚያፈሳቸው ሬዚስተርም ተቃጥሎ ስለነበር፣ የሞሉትን ይዘው ጠበቁኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል። ስፒናው ይነቀልና ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይኔ ሥር ይቀመጣል። መቶ ኦም፣ አሥር ዋት ሬዚስተር ሽቦው በደንብ ተሸፍኖ ኮንደንሰሩ ላይ ጥቂት ሰከንድ ይያዛል። በካቻቢቴ ማገናኘት ብልጭታ ነው፣ ተዉት! ከዚያ በቴስተር ይለካል፤ ዜሮ አጠገብ ካልደረሰ እጅ አይገባም። ጠግነን ስንጨርስም ቀጥታ አንሰካም፤ መቶ ዋት የድሮ አምፑል ከመስመሩ ጋር በተከታታይ እናስራለን። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ ማለት ነው።

ኣያ የአማተር ሬዲዮ ሰዎችንም ያነሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የማኅበራቸው ጣቢያ አለ። እንዲህ ያሉ ሬዲዮኞች የሚጠቀሙበት ባለ ቱቦ አምፕሊፋየር ሁለትና ሦስት ሺህ ቮልት ሊይዝ ይችላል። በረጅም የማይመራ ዘንግ ጫፍ ላይ ከኧርዝ የተያያዘ ሽቦ አስረው ሳይነኩት በፊት ያራግፉታል። «የኛ 80 ቮልት ስለሆነ ናቅነው» አለኝ።

ወደ ቀለበቱ ልመለስ። ጣቴ ስላበጠ ነርሷ ቆርጣ ነው ያወጣችው። እጮኛዬ ባዶ ጣቴን በፋሻ ተጠቅልሎ ስታይ ካውያ ነካኝ ብዬ ዋሸሁ። «ካውያ ቀለበት ያስወልቃል?» ብላ ሦስት ቀን ዘጋችኝ። ሌላ ሴት ጠርጥራ ኖሯል! በአራተኛው ቀን ቤታችን መጥታ ኣያን ጠየቀችው፤ እሱም የተቆረጠውንና ጠርዙ የቀለጠውን ቀለበት ከመሳቢያ አውጥቶ አሳያት። አገላብጣ አየችው። ከዚያ አለቀሰች፤ ስለ ወርቁ አልነበረም።

የደንበኛው ሰርግ በተዋሰው አምፕሊፋየር አለፈ፤ የሱም ማክሰኞ ተሠርቶ ሄደ። አሁን ሰፈሯ መብራት በጠፋ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤

«ስፒናውን ነቅለሃል?»