መርፌው ሳይነቀል

የተወለድኩትም ያደግሁትም መርካቶ፣ ጭድ ተራ ነው። ቤታችን ውስጥ ፒያኖ ቀርቶ ክራር እንኳ አልነበረም። የነበረው የእማዬ የልብስ ስፌት መኪና ነው።

ፒያኖ የነካሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ማሲንቆ በደጋኑ፣ ዘፋኝ በትንፋሹ ድምፅን ይጎትታል። ፒያኖ ግን መዶሻው ክሩን መትቶ ሲመለስ ድምፁ ወዲያው መሞት ይጀምራል። ሌጋቶ የሚባለው፣ ድምፅን ከድምፅ ሳይቆርጡ ማያያዝ፣ በመጀመሪያ የጣት ሥራ ነው። ጣት የማይደርስበትን የቀኙ ፔዳል ያሟላል፤ ሲረገጥ ማፈኛዎቹ ከክሮቹ ላይ ይነሡና ድምፁ ይቀጥላል።

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ረግጬ ቀረሁ! ትዝታን በሜጀሩ ስጫወት ጉዴ አልታወቀም፤ ከአምስቱ ድምፆች መካከል በግማሽ ድምፅ የሚቀራረቡ ስለሌሉ ቢደራረቡም አይጣሉም። አምባሰል ላይ ስደርስ ግን እነዚያ ጎረቤታሞች ተላተሙና ጭቃ ሆነ፤ ያውም ጭድ የሌለው ጭቃ! የሚያስተምረኝ ሰው ጓደኞቼ ፊት «እግርህስ አለ፣ ጆሮህ ነው የጠፋው» አለኝ። ከዚያች ቀን ወዲያ ላልነካው ወስኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማታ እማዬ ኮሌታ ትሰፋለች። ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደተከለች፣ ጨርቁን የሚጫነውን ብረት አነሣች፣ ጨርቁን አዞረች፣ ብረቱን መለሰች።

«መርፌውን ነቅለሽ ብታዞሪውስ?» አልኳት።

«ስፌቱ ይዘላላ! መጀመሪያ መርፌው ይያዝ፤ ብረቱ ከዚያ ይነሣል።»

ነገሩ ይኸው ነው እኮ! አዲሱን ድምፅ ጣት ሲይዘው፣ በዚያችው ቅጽበት እግር ይነሣል፤ አሮጌው ድምፅ ይጠፋል፤ እግር ወዲያው ተመልሶ ይረግጣል። መርፌው ጣት ነው። እግር ከቀደመ ክፍተት፣ ከዘገየ ጭቃ። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያረፉትን የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ሳዳምጥ ጣታቸውን ብቻ ነበር የምሰማው። አሁን እግራቸውንም እሰማለሁ።

እማዬ ስጫወት ሰምታኝ አታውቅም። ዓይኗ ደክሟል፤ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። በሚመጣው ወር አዳራሹ ውስጥ አምባሰልን እጫወታለሁ፤ እሷም ከፊት ትቀመጣለች። ስለ ፔዳል አታውቅም። የተዘለለ ስፌት ግን አያመልጣትም።