እቴጌ እሌኒን የሰማቸው ማን ነው?

“ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ” የሚለው ተረት ወላይታ ሶዶም ይነገራል። ማፍረሻው ግን ሩቅ አይደለም። በአረካ አድርገን ወደ ሰሜን ስንሻገር የምናገኛት ሀዲያ (የያኔው ወሰኗ የዛሬው ዞን ባይሆንም) የእቴጌ እሌኒ የትውልድ አገር ናት። አፄ ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥ አገር የመሩት እሳቸው ነበሩ። በ1509 እ.ኤ.አ. ገደማ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል በመልእክተኛቸው በማቴዎስ እጅ የላኩት ደብዳቤ የልመና አይመስልም፤ እኛ የባሕር ኃይል የለንም፣ እናንተ አላችሁ፣ በየብስ ሠራዊትና ስንቅ ከእኛ፣ በጋብቻም እንተሳሰር የሚል የታሰበበት ስሌት ነው። የዘመኑ የፖርቱጋል ጸሐፍትም ሃይማኖታዊ መጻሕፍትን እንደደረሱ መዝግበውላቸዋል።

“ደብዳቤውን ወንድ ጸሐፊ ነው የጻፈው” የሚል አይጠፋም። ይሁን፤ ወንዶቹ ነገሥታትም በጸሐፊ እጅ ነው የጻፉት፣ ቃሉ የእናንተ አይደለም ያላቸው ግን የለም። የሚከብደኝ ሌላው ሙግት ነው፤ እቴጌዋ የተሰሙት ዙፋን አጠገብ ስለነበሩ ነው፣ ገበያ የምትውለዋን ሴት ማን ሰማት? ለዚህ መልስ የለኝም። ሙግቱ የሚያሳየው ግን የጎደለው ሰሚ እንጂ ዕውቀት አለመሆኑን ነው። የሶዶ የታሪክ መምህራን ሆይ፣ ስለ ተላኩት ማቴዎስ ስታስተምሩ ስለ ላኪያቸውም አስተምሩልን።