የቦሌ ውሃ መጨረሻ

በቦሌ በኩል የሚወርደው የቀበና ውሃ የት እንደሚደርስ የሚጠይቅ የሰፈሬ ሰው አላጋጠመኝም። ድልድዩን አፍንጫችንን ይዘን እንሻገራለን፤ ከዚያ ወዲያ የእኛ ጉዳይ አይደለም። ውሃው ግን ወርዶ ወርዶ ትልቁ አቃቂ ውስጥ ይገባል፤ ከምዕራብ ከሚመጣው ትንሹ አቃቂ ጋርም አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛል። የከተማው ጉድፍ ሁሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ከሩሲያና ከሰሜን አውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ክረምታቸውን የሚያሳልፉትም እዚያው ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ኅዳር ሲገባ ቦሌ ውስጥ መቀመጥ ያቅተኛል።

መንገዱ አያምርም። በቀለበት መንገዱ ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያ በከባድ መኪና ጭስ ታጅቦ ወደ አቃቂ። የመጋዘኑ አጥር ሲያልቅ ግን ጥቁሩ የመረሬ አፈር ሜዳ ወለል ይላል፤ ጤፉ ታጭዶ እየተከመረ ነው። ሽመላዎቹ ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። ሩቅ ቦታ መለከት የሚነፋ ያለ ይመስላል፤ ቀና ሲሉ ረጅም ተርታ ሠርተው እየዞሩ ይወርዳሉ። መሬት ሲነኩ ግራጫ ናቸው፤ አንገታቸው ጥቁርና ነጭ፣ አናታቸው ላይ ትንሽ ቀይ። በታጨደው ማሳ ላይ ቃርሚያ እየለቀሙ ይራመዳሉ፤ እንደዚያ ዓይነት አረማመድ ቦሌ መንገድ ላይ በቅዳሜ ምሽትም አላየሁም። ኢስቶኒያ ውስጥ የመከታተያ መሣሪያ ከተገጠመላቸው የዚህ ዝርያ ሽመላዎች አንዳንዶቹ በቱርክና በእስራኤል በኩል አቋርጠው እስከ ኢትዮጵያ እንደሚወርዱ በሳተላይት ታይቷል።

ወደ ውሃው ሲቀርቡ ሽታው ይቀበልዎታል። እንቦጭ ዳርቻውን ወሮታል፤ መካከሉ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይንሳፈፋል። በዚያው ላይ አፋቸው እንደ አካፋ የሰፋ ዳክዬዎች ውሃውን እያጠለሉ ይቀዝፋሉ። ቀጫጭን ቀይ እግር ያላቸው ጥቁርና ነጭ ወፎች ጭቃውን ይወጋሉ። ከብቶቹ እግር ሥር ደግሞ ጭራዋን የምታወዛውዝ ትንሽ ቢጫ ወፍ ትሯሯጣለች፤ ክብደቷ ሃያ ግራም እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ እሷም ሰሃራን አቋርጣ ነው የመጣችው። እኔ ከሁሉም የወደድኩት እሷን ነው።

ውሃው ቆሽሾ ሳለ ወፉ ለምን ይበዛል? ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ትላትሉንና የውሃ ውስጥ ነፍሳቱን ያረባል፤ ማዕዱ የሚሰፋው በዚህ ነው። ከፋብሪካ የሚለቀቀው ከባድ ብረት ግን አብሮ ይገባል። ስለዚህ የማየውን ድግስ ሙሉ በሙሉ አላምነውም።

ማሳው ዳር የተቀመጡ አንድ አባት የሩቅ ማያ መነጽሬን አይተው ሳቁ።

«ጋሼ፣ ምን ይቆጥራሉ?»

«ሽመላዎቹን ነው አባባ።»

«ሽምብራዬንም ይቁጠሩልኝ እንግዲህ። ከዘራሁት ስንቱን እንደለቀሙት ያውቁ ነበር።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ወፎቹን የምናደንቀው እኛ ነን፤ የሚያበሏቸው እሳቸው።

የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ለወፎች ወሳኝ ናቸው ብሎ ከመዘገባቸው 69 ቦታዎች አንዱ ይህ ረግረግ ነው። መዝገብ ላይ መስፈር ግን አጥር አይሆንም። ለግድቡ ታሪክም ብዙ ቦታ አልሰጥም፤ ጣሊያኖች የሠሩት 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጫ ለረጅም ዓመታት ቆሞ፣ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና መሥራት ጀመረ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ያካትታል። ከላይ በኩል መናፈሻና መብራት አይተናል፤ ደስ ይላል። የወንዙ ጤና የሚለካው ግን ታች፣ ውሃው በሚያርፍበት ነው፤ እዚያ ደግሞ ፎቶ የሚነሳ ሙሽራ የለም።

መሄድ የሚፈልግ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሂድ፤ መጋቢት ላይ ብዙዎቹ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ማለዳ ይሻላል፤ ፀሐዩ ሲበረታ ሽመላዎቹ ከማሳው ይርቃሉ፣ ሽታውም ይበረታል። መረሬው ጫማ ስለሚይዝ ቦቲ ያስፈልጋል። ገበሬ ማሳ ሲገቡ ደግሞ ቀድሞ ማስፈቀድ ነው።