ማንን ትሰማለህ?

ቀደም ባለው ጊዜ የጋዜጣም ሆነ የሬዲዮ እንግዳ ስለ ከባዱ ጉዳይ ሁሉ ከተጠየቀ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ እፎይ እንዲል ሁለት ሦስት ቀላል ጥያቄዎች ይቀርቡለት ነበር። የሚወዱት መጽሐፍ? የሚወዱት ድምፃዊ? ካዩት ፊልም የማይረሱት? እንግዳውም ብዙ ሳይጨነቅ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይጠራል፤ ጥላሁን ገሠሠን ያስከትላል፤ ፊልሙ ላይ ትንሽ አመንትቶ ከህንድ ወይም ከአሜሪካ አንዱን ይጠቅሳል። ጠያቂው አመስግኖ ይሸኘዋል። መልሱ እንግዳውን ከማንም ጋር አያጣላውም፤ ከማንም ጎራም አያስደምረውም።

ዛሬ ጥያቄው ቀላል መሆኑ ቀርቷል። ታክሲ ውስጥ የሚከፈት ዘፈን፣ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ፣ ለስልክ መጥሪያ የተመረጠ ዜማ እንደ ቀበሌ መታወቂያ ይገላበጣል። «ማንን ትሰማለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የቸገረው የዘፋኙ ስም አይደለም፤ «የማን ወገን ነህ?» ማለቱ ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ ወዳጄ ቤት ምሳ ተጋብዘን ሳለ፣ ሙዚቃ እንዲከፍት ስልኬን ለአንድ እንግዳ ሰጠሁት። ጣቱን እያንሸራተተ ዝርዝሩን አየው። ጥላሁን አለ፤ ሃጫሉ ሁንዴሳ አለ፤ ፒያኖ የሚጫወቱ መነኩሲት አሉ። ስልኬን መለሰልኝና «ለመሆኑ አንተን ሰው ምን ብሎ ይመድብህ?» አለኝ። በሳቅ ነው የተናገረው፤ የተቀመጠውም ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ካበቃ በኋላ ግን አንድ ሁለት ሰዎች መልሴን ሲጠብቁ አየሁ።

ዘወትር ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ኑሮ ውድነት የሚጽፍ ሰው ስለ ዘፈንና ስለ ልብ ወለድ ምን አግብቶት ነው የሚል አንባቢ ካለ፣ ያገባኛል ባይ ነኝ። ሰው የሚወደውን ዘፈን ስም ለመጥራት ግራና ቀኙን ማየት ከጀመረ ጉዳዩ ፖለቲካ ሆኗል። ስለዚህ የእኔን ልናገር።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በአጭሩ ላልፈው ነው፤ ስለማልወደው አይደለም። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ እየሰማ ያደገ ሰው ስለዚያ መጽሐፍ ሚዛኑን የጠበቀ ፍርድ ሊሰጥ አይችልም። ገጹን ገልጬ ሳነብ እንኳ ጉዱ ካሳ የሚናገረኝ በወጋየሁ አንደበት ነው። ደግሜ ደጋግሜ የምመለስበት መጽሐፍ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነበር። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የሠፈራችን አስተማሪ ሽፋኑን በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ለብጠው ለሦስት ሌሊት ብቻ አዋሱኝ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የመጨረሻዎቹ ገጾች ረግፈውበታል። በአራተኛው ቀን ስመልስላቸው ሬዲዮናቸውን ጮክ አድርገው ከፈቱና የጎደለውን መጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ ተረኩልኝ። ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ መጽሐፉ እንደገና ታትሞ ሳነበው፣ ጋሼ ከራሳቸው ጥቂት ነገር እንደጨመሩበት ተረዳሁ። እውነቱን ለመናገር የጨመሩት አይከፋም ነበር።

መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ ከመደብሮች ተሰበሰበ። ደራሲው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከነበረው ከፍተኛ ሥልጣን ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ብዙ ሰው «ኦሮማይ»ን የሚያነሳው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ደራሲውን የበላ መጽሐፍ ነውና። ይህ አድናቆት ግን አንዳንድ ጊዜ ያሳስበኛል። የደራሲው ዕጣ የመጽሐፉን ውስጥ ይጋርደዋል። ብዙ ጊዜ ስለ በዓሉ መጨረሻ ግማሽ ሰዓት የሚያወራ ሰው ስለ ፊያሜታ አንድ ዓረፍተ ነገር የለውም።

ውስጡ ምን አለ? ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን የፕሮፓጋንዳ ሥራ እንዲመራ በ1974 ዓ.ም. ወደ አሥመራ ይላካል። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አሥመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ይወዳል። ፊያሜታ በእርግጥ ማን እንደሆነች ገና ላላነበበ ሰው አልናገርም። ከዚያኛው ወገን የሚሠራው ስዕላይ በራኺ ደግሞ ጅልም ጭራቅም አይደለም፤ ብልህና ለዓላማው የቆመ ባላጋራ ነው። በዓሉ ይህን ሲጽፍ የመንግሥት ባለሥልጣን እንደነበር፣ ጦርነቱም ገና እንዳላበቃ አስቡ። በአንድ በኩል ስብሰባው፣ መፈክሩና ግብዣው፣ በሌላ በኩል የናቅፋ ተራሮች አሉ። በሁለቱ መካከል ደግሞ አሥመራን፣ መንገዷንና ሰዎቿን፣ ወራሪ ሊወደው በማይችል አወዳደድ የወደደ አንድ ሰው አለ።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተካሄደው ጦርነት ጊዜ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርጄ እንደገና አነበብኩት። በዚያ ሰሞን በየቤቱ ቴሌቪዥን የሚሰማው ቋንቋ ከአርባ ዓመት በፊት በተጻፈ ልብ ወለድ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ከአንዳንዱ ቃል በቀር የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሳነብ ያደርኩበትን ሌሊት አልረሳውም፤ በማግስቱ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስለ ጦር ግንባር ዜና መነጋገር አቃተኝ።

ስለ ደራሲው ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። በዓሉ ኢሉባቦር ውስጥ ተወለደ፤ አባቱ ህንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኦሮሞ ነበሩ። በአማርኛ ጻፈ። ለመጨረሻ ልብ ወለዱም የአሥመራ ሰዎች ከጣሊያንኛ ወስደው «አበቃ፣ አከተመ» ለማለት የሚጠቀሙበትን ቃል ርእስ አድርጎ መረጠ። የመደቡት ዕለት ያ የምሳ እንግዳ ይህን መጽሐፍ በየትኛው መደብ ያስቀምጠው ይሆን?

ወደ ፊልም ስመጣ ቀልቃላ መስዬ መታየቴ አይቀርም፤ የመጀመሪያው ምርጫዬ ህንድ ነውና። «ማዘር ኢንዲያ» እ.ኤ.አ. በ1957 መሕቡብ ኻን ያዘጋጀው፣ ናርጊስ በመሪ ተዋናይነት የሠራችበት ፊልም ነው። እናቴና አክስቴ ከፒያሳ ሲኒማ ቤቶች በአንዱ አብረው አይተውት ነበር፤ ሁለቱም ሂንዲ አንድ ቃል አያውቁም። እኔ በቪዲዮ ካሴት ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ታሪኩን ግን ከሁለቱ ክርክር የተነሳ በቃሌ አውቀው ነበር።

ራዳ የምትባል ገበሬ በአንድ አራጣ አበዳሪ ዕዳ ተተብትባ ልጆቿን በረኃብና በጭቃ መካከል ታሳድጋለች። ታናሹ ልጇ ቢርጁ ያደገው በዚህ ቂም ነው። ሸፍቶ አራጣ አበዳሪውን ይገድላል፤ እስከዚህ ድረስ አዳራሹ ሁሉ ከእርሱ ጋር ነው፣ እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። ከዚያ የሟቹን ሴት ልጅ ከሠርጓ መካከል ጠልፎ በፈረስ ይጋልባል። እናቱ ጠመንጃ ይዛ መንገዱ ላይ ትቆማለች፤ ተማጽናው እምቢ ሲላት ተኩሳ ትገድለዋለች። ያን ያህል የምትወደውን ልጇን፣ ያን ያህል ላሠቃያት ሰው ልጅ ስትል።

አክስቴ «ጨካኝ ናት፤ እናት እንዲህ አታደርግም» ትላለች። እናቴ ቡናዋን እየቀዳች «የሰውም ልጅ ልጅ ናት» ብላ ትመልሳለች። ይህ ክርክር በቤታችን ለዓመታት ቆይቷል፤ እልባትም አላገኘም። እኔም በየጊዜው ወገን እለውጣለሁ። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት «የእኛ ልጅ ነው» ተብሎ ስንት ነገር እንደተሸፈነ ሳስብ፣ በሠፈራችን ሲኒማ ያንን ጥይት ያዩት ሴቶች እኛ ካነበብነው የፖለቲካ መጽሐፍ ሁሉ የሚበልጥ ነገር አይተው ነበር እላለሁ። ራዳ ከተኮሰች በኋላ ሮጣ የምታቅፈው ያንኑ ልጇን ነው። አክስቴ ይህን ትዕይንት ስትደርስ ሁልጊዜ ዝም ትላለች።

ከአገራችን ፊልሞች የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ይበልጥብኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ጀርመን አገር ሕክምና ያጠናው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተቆራርጦ፣ ሐይቅ ዳር ወዳለች የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። መንደሩ የጠበቀው እንዲያድነው ነበር፤ እርሱ ግን ሌሊት እየባነነ ይጮኻል። ልጆች ከአፈሳ ለማምለጥ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። የጀርመኑ ክፍል ላይ የተማሪዎቹ ክርክር ከሚገባው በላይ ይረዝማል ባይ ነኝ፤ አዘጋጁ ያንን ትውልድ ስለሚወደው ሊያቋርጠው አልፈለገም። መንደሩ ላይ ግን አንድም የሚተርፍ ምስል የለም። በልጅነቴ እንደ አንበርብር ከውጭ በዲግሪ ተመልሰው ቤታቸውን ዘግተው የተቀመጡ ሰዎች በሠፈራችን ነበሩ፤ እኛ ልጆቹ «እብድ» እንላቸው ነበር።

ሙዚቃው ይቀራል። ጥላሁን ገሠሠን ማንም ስለሚያውቀው ማስተዋወቅ አያሻኝም። ወሊሶ ያደገው ጥላሁን በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፍኗል። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲሞት ያዘነው ሰው ከየት ነህ ተብሎ አልተጠየቀም። ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በጥይት ሲገደል ግን፣ የለቅሶው ቀን ራሱ ሌላ ለቅሶ ወለደ፤ ብዙ ሰው ሞተ፣ ቤትና ንብረት ወደመ፣ ኢንተርኔት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን አንድም ቀን ሳይሰሙ የጠሉትን አውቃለሁ፤ ዘፈኑን ሳይሰሙ የሚምሉበትንም አውቃለሁ።

እኔ «ማላን ጅራ»ን እሰማለሁ። «ምን መኖር አለኝ» እንደማለት ነው። ኦሮምኛዬ ከገበያ አያልፍምና የሥራ ባልደረባዬን ለመንኳት፤ በምሳ ሰዓት አንዱን የጆሮ ማዳመጫ እርሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን ስንኝ በስንኝ ተረጎመችልኝ። የተለያዩ ሰዎች ፍቅር ነው፤ ጉለሌንና ገላንን እየጠራ የተለየ ምድርም ፍቅር ነው። እኔ በየቀኑ የማልፍበት መንገድ በዚያ ዘፈን ውስጥ የሌላ ሰው ሐዘን ሆኖ ተቀምጧል። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ባልደረባዬ ቆመች። ወደ አማርኛ ልታመጣው ሁለት ጊዜ ሞከረችና «ይህን ተወው» አለችኝ። ዘፈኑን እንደገና ከመጀመሪያው ከፈትነው። ስለ አዲስ አበባ ጉዳይ ያለኝን አቋም ዘፈኑ አልለወጠውም፤ ስለዚያ ጉዳይ ስጽፍ ግን ያቺ ዝም ያለችበት ቦታ ትዝ ትለኛለች።

መነኩሲቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በአሲናራ ደሴት ታስረዋል፤ በኋላም መንኩሰው የመጨረሻዎቹን ዓሥርት ዓመታት በኢየሩሳሌም ገዳም አሳልፈው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አርፈዋል። ፒያኖአቸው ከቅዳሴ ቤትም ከአውሮፓ ሳሎንም ያለፈ ነው፤ ሁለቱ አይጣሉበትም። ቃል ስለሌለው «በየትኛው ቋንቋ ነው?» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ አንድ ብልህ ወዳጄ ብቻ «የየትኛው ሃይማኖት ነው?» ብሎኛል።

ገና ያልሰማቸው ሰው ካለ በቅድሚያ በቀን፣ በሥራ መካከል እንዳይከፍታቸው እለምናለሁ። ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ይሁን። ስልኩን ግን ቀደም ብሎ ቻርጅ ያድርግ፤ እኔ ቤት መብራት የሚጠፋው ግራ እጃቸው ብቻዋን የምትቀርበት ቦታ ላይ ነው።