ስለ አንድ ጀበና

ዛሬ ስለ ጀበና ነው የማወራችሁ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት የቤታችን ጀበና አንገቱ ተሰበረና ሌላ ልገዛ ሐይቅ ገበያ ወጣሁ። ከአምባሰል በኩል የመጡ አንዲት እናት ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ጀበናውን፣ የዕጣን ማጨሻውን መሬት ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱን ጀበና አነሣሁት። ሆዱ ድብልብል፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ጥቁረቱ የሚያምር። እናት ተቀበሉኝና በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። «ስማው፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ስንጥቅ ቢኖርበት ይታፈናል» አሉኝ።

እኔም እንደ ልማዴ «እናቴ፣ ሃምሳ ብር ይቀንሱልኝ» አልኩ።

«አፈር ነው ብለህ ነው ልጄ?» አሉ። አልተቆጡም። ቁጭ ብለው አስረዱኝ እንጂ። አፈሩ ከሩቅ ተቆፍሮ በጀርባ ይመጣል። ይወቀጣል፣ ይነፋል። እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ የተፈጨ ገል ይቀላቀልበታል። ከዚያ በውኃ ታሽቶ በእጅ ብቻ ቅርጽ ይይዛል፣ በድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል፣ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ በመጨረሻ በኩበትና በእንጨት ይተኮሳል። «ከእሳት በደህና እስኪወጣ የኔ ነው አልልም። ፈንድቶ የማገኘው ስንት አለ መሰለህ» አሉ።

ልከፍል ስል አተኩረው አዩኝ። «መምህር አይደለህም እንዴ? ወላጅ ስብሰባ ላይ አይቼሃለሁ። ልጄን አስተምረሃታል» አሉና ስሟን ጠሩ።

እጄ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ልጅቷን አልረሳኋትም። ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን ታሪክ ሳስተምር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸውን እየነገርኳቸው ነበር። ከኋላ አንዱ «ቡዳዋ እኮ እዚሁ አለች!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ምን አደረግኩ? «ዝም በሉ፣ ወደ ትምህርታችን» ብዬ ቀጠልኩ። አዋጁን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ዓይኔ እያየ ሲጣስ አለፍኩት። ጎበዝ ልጅ ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እጇን አውጥታ አታውቅም።

እስኪ ቤታችንን እንይ። እንስራውን ጀሪካን ተክቶታል፣ የሸክላውን ድስት ብረት ድስት ተክቶታል። እንጀራችን ግን ዛሬም በሸክላ ነው የሚጋገረው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛችሁም ብትሆኑ ሊጡ የሚፈስበት ሸክላ ነው። ሆቴል ገብተን ለሸክላ ጥብስ ያለ ክርክር እንከፍላለን። ደግሞ ወሎ ውስጥ ያለ ጀበና ምን ዓይነት ዱኣ አለ? አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሁሉ ከነዚህ እናቶች እጅ በወጣ ጀበና ነው የሚፈላው። ከነሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብ ግን ይከብደናል።

ጃፓን ውስጥ ሾጂ ሃማዳ የሚባል ሸክላ ሠሪ ነበር። የሚሠራው ሳህን፣ ማሰሮ፣ የሻይ ዕቃ ነው፤ ሰው በየቀኑ የሚበላበትና የሚጠጣበት። እ.ኤ.አ. በ1955 መንግሥቱ የሀገር ሕያው ቅርስ ብሎ ሰየመው። እኛ ዘንድ ደግሞ «ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል» ይባላል። ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ! ደህና ደህናውን ለኛ ሸጣ ስባሪው ለሷ እንደሚቀር ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ያሉኝን ዋጋ ከፈልኩ። ይሄ ውለታ አይደለም፣ የሥራቸው ዋጋ ነው። የክፍሉን ነገር ግን ልነግራቸው አልደፈርኩም። «ሰላም በሉልኝ» ብቻ ብዬ መጣሁ።

ጀበናው ተሟሽቶ ዛሬ የመጀመሪያው ቡና ተፈላበት። ሲኒው እጄ ላይ እያለ ነው ይህን የምጽፈው።

ልጄ፣ ስምሽን እዚህ አልጠራም። ይህን ካነበብሽ ግን ያን ቀን ዝም ማለቴ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያኔ የሳቃችሁ ተማሪዎቼም ዛሬ ወላጅ የሆናችሁ አላችሁ። እኔ ክፍል ውስጥ ያላልኩትን እናንተ ቤታችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ።

በረካ ሁኑ።